የአዲስ አበባውን ቤት በሺት ለምትመሩ፦ መጀመሪያ አቆጣጠሩን አስተካክሉ

ሰላም ለሁላችሁ፤ ውጭ ላላችሁም፣ ጠቅልላችሁ ለመግባት ለምታስቡም።

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። የእናት መድኃኒት፣ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ እህት ወንድም በየአገሩ ተበትኖ እያለ እንዴት አድርገን በአንድ ላይ እንያዘው? እኔ ተመልሼ አራት ኪሎ ከእማዬ ጋር ነው የምኖረው። እህቶቼና ወንድሜ ውጭ ናቸው። የቤታችን ሒሳብ ሁሉ ያለው አንድ ጎግል ሺት (በኢንተርኔት በጋራ የሚከፈት የሠንጠረዥ ፋይል) ላይ ነው። ሁላችንም እዚያው እናየዋለን። ስለዚህ የምጽፈው በየቀኑ የምሠራበትን ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ውጭ የለመዳችሁትን የበጀት ሺት እንዳለ ገልብጣችሁ እዚህ ቤት ላይ ብትጭኑት አያስኬድም። እዚህ የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ እድሩ፣ እቁቡ፣ የሱቁ ዱቤ ሁሉም የሚሄደው በኛ ወር ነው። ሺቱን የሚሞላውም እዚህ ያለው ሰው ነው። ለሱ ካልተመቸው ሁለት ሳምንት ይሞላና ይተወዋል። የቤት ሺት ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቀኑ እንጀምር፤ ትልቁ ጣጣ እሱ ነውና። ኤክሴልም ጎግል ሺትም የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቁትም። ጥቅምት 22 ቀን 2018 ብላችሁ ብትጽፉ እንደ ተራ ጽሑፍ ያዩታል። 22/2/2018 ብላችሁ ብትጽፉ ደግሞ፣ ሺቱ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ ከተዘጋጀ፣ የባሰ ነው፤ የፈረንጅ ቀን መስሏቸው ይቀበሉታል። ስህተት ነው የሚላችሁም የለም። ከዚያ በኋላ የሚደመረው ሁሉ ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ የሄደ ቀን ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላችሁ ሦስት ዓምድ ክፈቱ። ወሩን በቁጥር ጻፉ፤ መስከረም 1፣ ጳጉሜ 13። በአራተኛው ዓምድ ላይ ፎርሙላ አስገቡ። ፎርሙላው እንዲህ ነው፦ ዓመቱን በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍሉና ከነጥቡ በኋላ ያለውን ትታችሁ ሙሉ ቁጥሩን ደምሩበት፤ ይህን የሚሠራው ኢንት (INT) የሚባለው ፈንክሽን ነው። ወሩን በ30 አባዝታችሁ ደምሩ። ቀኑን ደምሩ። ከጠቅላላው ላይ 691194 ቀንሱ። የሚወጣው ቁጥር ኤክሴል ለዚያ ቀን የሚሰጠው ተራ ቁጥር ነው። እሱ ቀኖችን ሁሉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ እየቆጠረ ነው የሚያስቀምጣቸው።

በመስከረም 1 ቀን 2018 እንሞክረው። 2018 በ365 ሲባዛ 736570 ይሆናል። 2018 ለ4 ሲካፈል ሙሉ ቁጥሩ 504 ነው። ለወሩ 30፣ ለቀኑ 1። ድምሩ 737105። 691194 ሲቀነስ 45911 ይቀራል። የሴሉን (ቁጥሩ ያለበትን ሣጥን) ፎርማት ወደ ቀን ቀይሩት፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ብሎ ይወጣል። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመትም አይሳሳትም። እዚህ ያለው ሰው በኛ ይጽፋል፣ ውጭ ያለው በፈረንጅ ያነባል። ማንም ቀን ለመቀየር አይቸገርም።

ይህ ለገንዘብ መላኪያም ይጠቅማል። የፈረንጅ ወር መባቻ እዚህ ሁልጊዜ ከወሩ 20 እስከ 26 ባለው መሃል ነው የሚውለው። ኦክቶበር 1 መስከረም 21 ገደማ ነው፣ ሴፕቴምበር 1 ደግሞ ነሐሴ 26 ገደማ። ስለዚህ እህት ደመወዟ በገባ ቀን ብትልክ ለኪራይና ለሠራተኛ ደመወዝ በጊዜ ይደርሳል። ጳጉሜ ግን ሁልጊዜ ትረሳለች። ደመወዝ የላትም፣ ቤት ውስጥ ግን ይበላል፣ የእንቁጣጣሽ ገበያም የሚወጣው በሷ ነው። ለብቻዋ ረድፍ ስጧት።

ሁለተኛው ጣጣ ፊደላችን ነው። መድኃኒት፣ መድሀኒት፣ መድሃኒት። ለኛ አንድ ነው፣ ለሺቱ ሦስት የተለያየ ወጪ ነው። ውሃና ውኃም እንደዚያው። እኔ በአንዱ፣ ወንድሜ በሌላው ጽፈን በዓመቱ መጨረሻ የመድኃኒት ወጪ ይደመር ሲባል ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ የወጪ ዓይነቱን ማንም በእጁ እንዳይጽፍ አድርጉ። ከዝርዝር የሚመረጥበትን መንገድ ተጠቀሙ፤ ዳታ ቫሊዴሽን (Data validation) ከሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስልክ ላይም ጣት መንካት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ለእናቶችም ይቀላል። ዝርዝሩ አጭር ይሁን። ብዙ ዓይነት ካበዛችሁ ሽንኩርት የት ይግባ እየተባለ ይዋላል።

የወር ወጪ የሚለውን ገጽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብዙ አልልም። የካርድ መብራት የተሞላበትን ቀንና ብሩን ጻፉ። በኤሌክትሪክ ምጣድ ለሚጋገርበት ቤት የት እንደሚሄድ ቶሎ ይታያል። ውሃ በፈረቃ ከሆነ የመጣበትን ቀን ምልክት አድርጉ፤ ሮቶው መቼ እንደሚያልቅ ከዚያ ይገመታል።

ከወሩ ይልቅ ዓመቱ ላይ ብትደክሙ ይሻላል። የአዲስ አበባ ቤት ወጪ በየወሩ እኩል አይደለም። ጤፍ በኩንታል ይገዛል። በርበሬ ክረምት ሳይገባ ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ተፈጭቶ መቀመጥ አለበት። መስከረም የትምህርት ቤት ነው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋና ወተቱ ይቆምና ዘይቱ፣ ሽሮው፣ ምስሩ ይጨምራል። በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ውጭ ያለ ሰው የወሩን አማካይ አይቶ «ባለፈው ወር በዚህ ብር ኖራችሁ የለም ወይ?» ቢል አይፈረድበትም፤ ሺቱ አላሳየውማ። የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ከላይ በአንድ ረድፍ ጻፉ። ፋሲካ በየዓመቱ እንደሚንቀሳቀስ አትርሱ፤ በ2017 ሚያዝያ 12 ነበር፣ በ2018 ሚያዝያ 4። ገናም ከጳጉሜ 6 ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ታኅሣሥ 28 ነው የሚውለው።

ምንዛሪው ላይ አጥብቄ የምለው አለኝ። ብር በገበያ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ አንድ ዓይነት ዶላር ተልኮ በየወሩ የተለያየ ብር ነው እጅ የሚገባው። ስለዚህ የተላከው በዶላር፣ የዕለቱ የባንክ ምንዛሪ፣ እጅ የገባው ብር ብላችሁ ሦስቱን ለየብቻ ጻፉ። ምንዛሪውን በቁጥር አስቀምጡት። ጎግል ሺት ምንዛሪ ራሱ የሚያመጣበት ፈንክሽን አለው፤ የዛሬውን እንዲያመጣ ካዘዛችሁት ግን ያለፈው ዓመት ረድፍም በዛሬው ዋጋ ይቀየርባችኋል። የሚያመጣውም ዋጋ ባንካችሁ የሰጣችሁን አይደለም። ያለፈ ሒሳብ መነካት የለበትም።

እድር ብዙ አያስቸግርም፤ መክፈያ ቀኑንና የተከፈለበትን ወር ብቻ ያዙ። የእድሩ ጸሐፊ በራሳቸው መዝገብ ይጽፋሉ፣ እናንተም ደረሰኙን በስልክ አንስታችሁ ሊንኩን አስቀምጡ። እቁብ ግን ሁለት ፊት አለው። ዕጣው እስኪወጣላችሁ ድረስ የምትጥሉት ቁጠባ ነው። ከወጣላችሁ በኋላ የምትጥሉት ሁሉ ዕዳ መክፈል ነው፣ ዋስ ጠርታችሁበታል። ስለዚህ ዕጣው በወጣ ቀን የቀረውን ዙር በሙሉ ወደ ዕዳ ገጽ አዙሩት። ያን ያላደረገ ቤተሰብ በእጁ ያለውን ብር የራሱ አድርጎ ያየዋል።

የመድኃኒት ገጽ ከሁሉም በላይ ልቤን ያሳረፈልኝ ነው። እማዬ የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለች። በረድፉ ላይ የተገዛበት ቀን፣ የፍሬው ብዛት፣ በቀን ስንት እንደምትወስድ ይጻፋል። ብዛቱ በቀን ለሚወሰደው ተካፍሎ በተገዛበት ቀን ላይ ሲደመር የሚያልቅበት ቀን ይወጣል። 60 ፍሬ ተገዝቶ በቀን 2 ከተወሰደ 30 ቀን ነው። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሴሉ ቀይ እንዲሆን አድርጌዋለሁ። ሁለት ሳምንት ያልኩት መድኃኒቱ ፋርማሲ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ነው። ሌላ ቦታ ለመጠየቅ፣ ካልሆነም ሐኪሟን አማክሮ ከውጭ በሰው እጅ ለማስላክ ፋታ ይሰጣል። ቀጠሮ ስትጽፉ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። 3፡00 ብቻ ከተጻፈ ዋሽንግተን ያለችው እህት ሌሊት ይመስላታል። በዚያ ላይ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው ልዩነታችን።

የሰነድ ገጽም ክፈቱ። ፓስፖርት፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ውክልና፣ የቤት ካርታ፤ የት እንደተቀመጠና መቼ እንደሚያበቃ። አንዱ በኛ ሌላው በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ስለሚሆን ከላይ ያለው ፎርሙላ እዚህም ያገለግላል። ቤት የምትከራዩ ደግሞ ውላችሁን አስገቡ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሆነ የደረሰኙን ቁጥር ከብሩ አጠገብ ጻፉ። ከአከራይ ጋር ከፍለሃል አልከፈልክም እየተባባሉ ከመከራከር ያድናል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የገንዘብ ሺት ብቻ ካላችሁ ውጭ ያለው ሁሉን የከፈለ፣ እዚህ ያለው ሁሉን የበላ ይመስላል። ይህ ስንት ቤተሰብ አቀያይሟል! እናትን ሆስፒታል ወስዶ ግማሽ ቀን ወረፋ መጠበቅ፣ ወረዳ መመላለስ፣ ሌሊት ተነስቶ ውሃ መሙላት ብር የለውም፣ ስለዚህ የትም አይጻፍም። ስለዚህ «ጉዳይ» የሚል ገጽ ይኑራችሁ። ጉዳዩ ምንድነው፣ ማን ያዘው፣ የት ደረሰ። ውጭ ያለውም ስሙ ይግባበት። ውክልና ኤምባሲ ሄዶ ማስፈጸም የእህት ነው። የትምህርት ቤት ኢሜይል መከታተል፣ የእማዬን የምርመራ ውጤት በፋይል አደራጅቶ ማስቀመጥ የወንድም ነው። እኛ ቤት ይህ ገጽ ከተከፈተ ወዲህ የእሑድ ስልካችን ተቀይሯል። «ብሩ ደረሰ?» ብቻ መባሉ ቀርቶ «ያ ነገር ምን ላይ ደረሰ?» እየተባለ ነው የምናወራው።

እማዬን ሺት ክፈቺ አልላትም። እሷ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ማታ ከሱቁ የዱቤ ደብተር ጋር አመሳክሬ አስገባዋለሁ። እናንተም የእናታችሁን ደብተር እንዳትነጥቋት። የሷ እጅ የሌለበት ሒሳብ የሷ ቤት ሒሳብ አይሆንም።

ስለ ጥንቃቄ ባጭሩ፦ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ እንዲያይ አትክፈቱት፤ በስም ጋብዙ። የሚጽፍ ሁለት ሰው ይበቃል፣ ሌላው ይይ። የባንክና የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር በጭራሽ እዚያ አይግባ። ኔትወርክ ሲጠፋም እንዲከፈት ስልኩ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን ምርጫ አብሩት። ቁጥር የተቀየረ ከመሰላችሁ የለውጥ ታሪኩ ማን መቼ እንደነካው ያሳያል፤ ግን መጀመሪያ ደውላችሁ ጠይቁ።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ መስከረም እስኪጠባ አትጠብቁ። የመድኃኒቱን ገጽ ዛሬ ሥሩ፣ ወጪውን ከመጪው ወር 1 ጀምሩ፣ የቀረው እየቆየ ይመጣል። ዱባይና ቤይሩት ያላችሁ እህቶች፣ በስልክ ብቻ የምትሠሩ፣ እናንተ እንዴት ነው የምትይዙት? እቁብ እዚያው ሆናችሁ እዚህ የምትጥሉ ካላችሁ የዙሩን ሒሳብ እንዴት እንደምትከፋፈሉ ጻፉልን።