ቤቱ ይታደስ ብለን አመዲትን ምን እናድርጋት?

የሰኞ ገበያዋ (ሽቱትጋርት)

ሰላም ለሁላችሁ የወሎ ልጆች። ጥያቄዬ ስለ ድመት ነው። ለአንዳንዳችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ደሴ ያለው የእናቴ ቤት ሊታደስ ነው። የጭቃ ቤት ነው፣ አባቴ የሠራው። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ እናቴ ሳህንና ባልዲ ደርድራ ነው ያደረችው። አሁን ቆርቆሮው ይቀየራል፣ ኮርኒሱ ይነሳል፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ወለሉ ሴራሚክ ይነጠፍበታል። ወንድሜ ከግንበኛው ጋር ተዋውሏል። ሁለት ወር ተኩል ይፈጃል ተብሏል።

እናቴ አንዲት ግራጫ ድመት አለቻት፣ አመዲት እንላታለን። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ገና ትንሽ ነበረች። ከባድ መሣሪያው ሲያጓራ አልጋ ሥር ገብታ ለቀናት አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ የቆርቆሮ በር ሲጋጭ እንኳ ትጠፋለች። የእንግዳ ድምፅ ከሰማች የምትገባው ኮርኒስ ውስጥ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግንበኛው ሊለካ መጥቶ ግድግዳውን በመዶሻ መታ መታ አደረገ። አመዲት ሁለት ቀን ጠፋች። እናቴም እህል አልቀምስም አለች።

ወንድሜ ሁለቱም ኮምቦልቻ አክስታችን ጋ ይሂዱ ይላል። ከዚህ በፊት አንዴ በማዳበሪያ ከረጢት ከተናት ነበር። መናኸሪያ ሳንደርስ ቀዳ አመለጠች። እኔ ደግሞ እናቴን ለሦስት ወር ወደዚህ ላምጣት ብዬ አስቤ ነበር። «አመዲትስ?» አለችኝ፣ ሌላ መልስ የላትም። እሺ አንድ ክፍል ዝጊባት ስላት «ድመት ዘግታ በረሃብ የገደለችው ሴት ምን እንደገጠማት አልሰማሽም?» አለችኝ።

ሠራተኞቹ የዛሬ ሳምንት ሰኞ ይገባሉ። ምን ላድርግ?

የሐይቋ (ቶሮንቶ)

እህቴዋ፣ አብሽሪ። እኔ እዚህ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነኝ። በቤት እድሳት የተነሳ መብላት አቁመው የሚመጡ ድመቶች ብዙ አያለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ኮምቦልቻን ተዪው። ድመት ከሰው እኩል ቦታዋን ትወዳለች። ወደ አዲስ ቤት ከሄደች ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ወደ ውጭ ሳትወጣ መቆየት አለባት። አለዚያ ወደ ቤቷ ለመመለስ መንገድ ትጀምራለች። እንዲህ የምትፈራ ድመት በዚያ መንገድ ላይ ስትሆን አስቢው።

የሚሻለው እዚያው ቤት አንድ ክፍል መምረጥ ነው። መጨረሻ ላይ የሚነካውን ክፍል ምረጡ፣ ጓዳው ቢሆን ጥሩ። ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት፣ ማለትም ዛሬ ወይም ነገ፣ እዚያ መብላትና መተኛት ትልመድ። ጩኸቱ ሲጀመር ክፍሉ ለእሷ የቆየ ቦታዋ መሆን አለበት። የእናትሽን ጋቢ ወይም ነጠላ ሳይታጠብ አስገቡላት። ጠረኑ ነው የሚያረጋጋት። ካርቶን በጎኑ አስተኝታችሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩላት። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ ኔዘርላንድ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። መጠለያ ከገቡ ድመቶች መደበቂያ ሳጥን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ቶሎ ተረጋግተዋል። ስለዚህ ስትደበቅ አትጎትቷት።

ምግቧን ሠራተኞቹ ከወጡ በኋላ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ስጧት። ወንድምሽ የመዶሻና የግራይንደር ድምፅ በስልኩ ይቅረጽ። ስትበላ በጣም ዝቅ አድርጎ ያሰማት፣ ካልደነገጠች በየቀኑ ትንሽ ከፍ ያድርገው። ሰው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው የሚሰማው። ድመት ግን እስከ 60 ሺህና ከዚያም በላይ ትሰማለች። ግራይንደር ለእሷ እኛ የምናውቀው ድምፅ ብቻ አይደለም።

አሁን አደገኛዎቹ። ኖራና እርጥብ ሲሚንቶ መዳፏን ያቃጥላል፣ ስትልሰው ደግሞ አፏን። ከነካት ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡ። የዘይት ቀለም ፀጉሯ ላይ ቢፈስ በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ እንዳትነኳት። ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ፣ ካልሆነ ፀጉሩን መቁረጥ። የድሮውን ቀለም ሲፍቁ በውሃ ያርጥቡት። አሮጌ ቀለም እርሳስ፣ ማለትም መርዛማው ብረት፣ ሊኖረው ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የወሰነችው በ2018 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ የእናንተ ግድግዳ ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። አቧራው ለእናትሽም መጥፎ ነው።

ፓራሲታሞል በፍጹም እንዳይሰጧት። ድመትን ይገድላል። አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች ተጨነቁ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ሐኪም ይያት። ሳትበላ የቆየች ድመት ጉበቷ በስብ ይታመማል።

ቦሩ ሜዳ (ፍራንክፈርት)

ወደ ጀርመን ላምጣት ላልሽው የወረቀቱን ነገር ልንገርሽ፣ በዚህ አገር 22 ዓመት ኖሬያለሁ። እናትሽ በጉብኝት ቪዛ ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው መቆየት የሚችሉት። አንቺ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄደሽ ወጪያቸውን እንደምትችይ የዋስትና ፊርማ ትፈርሚያለሽ፣ የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ።

ድመቷ ከእናትሽ የባሰ ወረቀት አለባት። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ባለ 15 አሃዝ። ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ አይቆጠርም። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ የአውሮፓ ኅብረት በተቀበለው ላቦራቶሪ ይመረመራል። ክትባቱ በደሟ ውስጥ የፈጠረው የመከላከያ መጠን ቢያንስ 0.5 (በሚሊ ሊትር በዓለም አቀፍ መለኪያ) መሆን አለበት። ደም ከተወሰደ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር ትጠብቃለች። ደምሪው፣ አራት ወር ነው። ቤቱ በሁለት ወር ተኩል ያልቃል፣ እናትሽም በሦስት ወር ይመለሳሉ። ስለዚህ ይህን ከሐሳብሽ አውጪው።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አገር አከራይ ቤት ሊያሻሽል ሲፈልግ ከሦስት ወር በፊት ለተከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጀምር፣ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ይገልጻል። እናትሽስ መቼ ነው የተነገራቸው?

የሰኞ ገበያዋ

የሐይቋ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ሁሉንም ለወንድሜ ላክሁለት። አንድ የቀረኝ አለ። አመዲት እስካሁን የምትጸዳዳው ጓሮ አፈር ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ምን ታደርጋለች?

ቦሩ ሜዳ፣ ለእናቴ የነገርኳት ባለፈው ወር ነው፣ ውሉ ካለቀ በኋላ። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

የገራዶው (ሚኒያፖሊስ)

ልጄ፣ እናትሽ የጠቀሱት ሐዲስ እውነት ነው። ግን ሴቲቱ የተቀጣችው አስራት ሳታበላት፣ ወጥታም የምድር ነፍሳት እንዳትበላ ስለከለከለቻት ነው። አብልቶ አጠጥቶ፣ ለጊዜው ከጉዳት መጠበቅ ሌላ ነው። ነቢያችን ድመት ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ፣ አይደለችም፣ በዙሪያችሁ ከሚዞሩት ናት ብለዋል። ለእናትሽ ሰላም በይልኝ፣ ይህንንም ንገሪያቸው። ብትፈልጊ በስልክ እኔ አናግራቸዋለሁ።

የቦርከና ልጅ (ዋሽንግተን)

ቦሩ ሜዳ የጠየቀው ነው ዋናው ጥያቄ። እኔ እውነቱን ልናገር፣ አትቀየሚኝ። ችግሩ ድመቷ አይደለችም። እናትሽ ሳይጠየቁ ቤታቸው ሊፈርስ ነው። ውጭ ያለነው ሰዎች ይህን እናበዛለን። ለእረፍት ስንሄድ እንዲመቸን ሴራሚክ እናስነጥፋለን፣ ሰውየው በባዶ እግሩ የኖረበት ወለል ይቀዘቅዝበታል። ደሴ እኮ ብርድ ነው።

ደግሞ በየካቲት ጣሪያ ይነሳል? በልግ ሊገባ ነው! ዝናቡ ልስኑ ላይ ከወረደ ገንዘብሽም ቤቱም ይበላሻል። እስከ መስከረም ቆይ በይው ወንድምሽን።

ጦሳ ሥር (ጂዳ)

የቦርከና ልጅ፣ ወንድሜ፣ ቀስ በል። ልጅቷ እናቷ ዝናብ እየወረደባት እያደረች ዝም ትበል? እኔ እዚህ ሰው ቤት ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለወላጆቼ ሁለት ክፍል በቆርቆሮ አሠርቻለሁ፣ በዓይኔ ግን አላየሁትም። በስልክ ነው የማውቀው። አባቴ በሩን ከፍቶ ዘግቶ አሳይቶኛል።

የድመቷ ነገር አስለቀሰኝ። እኛ ቤትም ነበረች፣ ነጠብጣብ። ገብስ ሲገባ ጎተራው ሥር ታድራለች። እናቴ ቡና ስታፈላ ከምድጃው አጠገብ ተጠቅልላ ትተኛለች፣ እስከ በረካው አትነሳም። የምሠራበት ቤት ድመት አለች፣ የራሷ ክፍል አላት። ሳያት ያቺ ነጠብጣብ ትዝ ትለኛለች። ሞተች አሉኝ፣ ሦስት ወር ቆይተው ነው የነገሩኝ።

እህቴ፣ ቤቱን አሠሪው። ግን እናትሽን በየቀኑ ደውዪላቸው፣ ድመቷንም በስም ጠይቂላቸው።

የሰኞ ገበያዋ

የቦርከና ልጅ፣ አልተቀየምሁም፣ ግን አሞኛል። ለእረፍት እንዲመቸኝ አይደለም። ካየኋት አራት ዓመት ሆኖኛል። መስከረም ማለት በመሀል ሌላ ክረምት ማለት ነው፣ በዚያው ጣሪያ ሥር። ደግሞ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃው ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃለህ። ቆርቆሮውን ገዝቼ ጓሮ አስቀምጫለሁ።

የቦርከና ልጅ

እሺ ጣሪያውን አሠሪ፣ እሱ አስፈላጊ ነው። ልስኑንና ሴራሚኩን ለመስከረም አቆዪው። ጣሪያ ብቻ ከሆነ በጥቂት ቀን ያልቃል፣ ድመቷም ሁለት ወር ተኩል አትሰቃይም። ለግንበኛውም ሙሉውን ገንዘብ አትስጪ፣ በሠራው ልክ ይከፈለው።

ቦሩ ሜዳ

ሁለቴ ማስጀመር ሁለቴ መክፈል ነው። ለዕቃ መጫኛ፣ ለመወጣጫ እንጨት፣ ለቀን ሠራተኛ። በአንዴ ይለቅ። በልግ የሚዘንበው ቆርቆሮ ከተመታ በኋላ ከሆነ ችግር የለውም። መጀመሪያ ጣሪያ፣ ከዚያ ውስጥ።

የቦርከና ልጅ

አንተ ስለ ገንዘቡ ታወራለህ። እኔ ስለ ሴትዮዋ።

የገራዶው

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ለአንዲት እናት ብላችሁ ነው። ቃል አትወራወሩ።

የሰኞ ገበያዋ

ማታ ደወልሁላት። የገራዶውን አባታችንን መልእክት አነበብሁላት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲያው እኔም አብሬያት ጓዳ እገባለሁ» አለች። አልጋዋን ወደ ጓዳ እንዲያዞሩላት ወንድሜን አዝዛዋለች። ቀን ቀን ጎረቤት ትሄዳለች ብለን ነበር፣ እምቢ ብላለች፣ በሩ በማንም እጅ እንዳይከፈት ቁልፉ በእሷ አንገት ላይ ይሆናል። ጣሪያው መጀመሪያ ይሁን ተባብለናል። ስለ ሴራሚኩ ጠየቅኋት፣ «ጣሪያውን ልይና» አለችኝ።

የቦርከና ልጅ

ይኸው፣ ሲጠየቁ መልስ አላቸው።

የሐይቋ

ስለ መጸዳጃው ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ለግንባታ ከሚመጣው አሸዋ ሲሚንቶ ሳይነካው በፊት አንድ ሳፋ ያስቀሩላት፣ ጓሮዋ ካለው አፈርም ትንሽ ቀላቅሉበት፣ ከምግቧ ራቅ ይበል። ትቀበለዋለች ብዬ አስባለሁ፣ ግን እናትሽ ቀድመው ይሞክሩት።

አንድ ነገር ለወንድምሽ አስምሪበት። አናጺው አዲሱን ኮርኒስ ከመምታቱ በፊት፣ በየቀኑ፣ አመዲት ጓዳ መኖሯን በዓይኑ ይይ። ነበረች ሲሉት አይመን። ገብቶ ይያት።