የማኅበራችን የአውራ ፍየል ግዢ ዕቅድ፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

ፀሐፊ
ረቂቁ ይኸው። ከየቤታችን በ1,500 ብር የተዋጣው አንድ የቦር (የደቡብ አፍሪካ የሥጋ ፍየል ዝርያ) ድቅል አውራ ይገዛበታል። መስፈርቱ፦ የቦር ደሙ ከ50 እስከ 75 በመቶ፣ ገላው ነጭ፣ ራሱ ቀይ፣ ጆሮው የተንዘረፈፈ፣ አፍንጫው ጎበጥ ያለ። እስከ እሑድ ጻፉ።

የቆላ ሠፈር
«ገላው ነጭ» የሚለው ይውጣ። ለፋሲካ የሚፈለገው ቀይና ዳማ ነው። ነጭ ፍየል ጭቃ ከነካው ገዢ ዞር ብሎም አያየውም።

ገንዘብ ያዥ
እኔ ባለፈው ፋሲካ ሁለት ነጭ ሙክት ሸጫለሁ። ከቀዩ አላነሰም።

የቆላ ሠፈር
አንተ የሸጥከው ለዘመድህ ነው። እኛ ደላላ ፊት ቆመን ነው የምንሸጠው።

ገንዘብ ያዥ
ቃልህን አስተካክል። የማኅበሩን ደብተር የምይዘው እኔ ነኝ፤ ዘመድ አዝማድ ውስጥ አትክተተኝ።

የላይኛው መንደር
ዓርብ ገበያ እወጣለሁ። በየቀለሙ ዋጋ ጠይቄ እጽፍላችኋለሁ። እስከዚያ አትጣሉ።

እትዬ (ከወንዙ ማዶ)
ልጆቼ፣ ቀለሙን ተዉት። ያለፈውን አውራ ረሳችሁት? ራሱ ቀይ፣ ገላው ነጭ፣ የሚያምር ነበር። ሻጩ ሲያወድሰው ሁላችንም አጨበጨብን። ከንፈሩን ገልጬ ያየሁት ቤት ከገባ በኋላ ነው። የታች ጥርሱ ከላይኛው ድድ ጋር አይገጥምም፤ ወደ ውስጥ ቀርቷል። ከእኔ ግልገሎች ሦስቱ እንደሱ ወጡ። ሌሎቹ የግራር ቅጠል ቀንጥበው ሲጠግቡ እነሱ ጎናቸው ይቆጠር ነበር። አንዷን በጡጦ አሳደግኳት፤ አልዳነችም።

እንስሳት ጤና የተማረው
እትዬ ልክ ናቸው። አፍ፣ እግር፣ ቆለጥ ይቅደም። ሁለቱም ቆለጥ የወረደና እኩል መሆን አለበት። ቀንድም ይኑረው። ቀንድ አልባ ከቀንድ አልባ ጋር ሲዳቀል ሴት መሆን የነበረባት ግልገል ወንዴም ሴቴም ያልሆነች መካን ሆና ልትወለድ ትችላለች።
ሌላው ደሙ ነው። 50 በመቶ አውራ የአገር ፍየል ቢያጠቃ (ቢያስረግዝ) ግልገሉ 25 በመቶ ነው። 75 ቢሆን 37.5 ነው። ድቅልን በድቅል ካስጠቃን ደግሞ የመጀመሪያው ትውልድ ከመዳቀል ያገኘው ብርታት ግማሽ ያህሉ ይቀንሳል። ቦር እ.ኤ.አ. በ2007 ከደቡብ አፍሪካ ወደ አገራችን ሲገባ የታሰበው ንጹሕ አውራ ከአገር እናት ጋር እንዲዳቀል ነው። ቀለም የደም መለኪያ አይሆንም። ቀይ ራስ ይዞ የሚያድግ ብዙ ደካማ አይቻለሁ።

የቆላ ሠፈር
እሺ፣ ንጹሕ ቦር ግዙና ቆላ አምጡት። መዥገሩና ሙቀቱ በስንት ቀን እንደሚጥለው አብረን እናያለን። መኖውንስ ማን ይችላል? የሞጆና የቢሾፍቱ ቄራ ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ቀላል፣ ስብ ያልያዘ ወጠጤ ነው። ትልቅ ለማን ልሸጥ ነው? ነጩም ይውጣ ብያለሁ።

ሊቀመንበር
ስለ ነጭ ብዙ ተጻፈ። ይብቃ።

ገንዘብ ያዥ
ነጩ ከወጣ እኔም ገንዘቤን አወጣለሁ።

እትዬ (ከወንዙ ማዶ)
አንተ ልጅ፣ እናትህ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች?

የቆላ ሠፈር
ይቅርታ አድርጉልኝ። ትናንት ሌሊት ወጠጤ ሞቶብኝ አልተኛሁም። ወንድሜ፣ ስለ ዘመድህ ያልኩት ስህተት ነው።

ገንዘብ ያዥ
እግዜር ይተካልህ። አልፏል። ገንዘቡም ይቆያል። የዓርብ ገበያው ሰው ግን የት ገባ? ዛሬ ሰኞ ነው።

እንስሳት ጤና የተማረው
እሱ አያነሳም፣ ደውዬለታለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። አውራው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከቆየ የገዛ ልጆቹን ማጥቃቱ አይቀርም። ሳይደርስ መለወጥ አለብን። የማን ልጅ የማን እንደሆነች ለማወቅ ግን የጆሮ ቁጥር የለንም፤ ግልገል በተወለደ ዕለትና በ3 ወሩ የምንመዝንበት ሚዛንም የለንም።

የቆላ ሠፈር
ይሄ ይዋጥልኛል። ሚዛን ካለ ደላላም በዓይኑ ገምቶ አይቆርጥልኝም።

ገንዘብ ያዥ
እኔም ለሚዛኑ እስማማለሁ።

ፀሐፊ
ረቂቅ 2። አንደኛ፣ የተንጠልጣይ ሚዛን ግዢ። ሁለተኛ፣ የጆሮ ቁጥርና አንድ የመዝገብ ደብተር። ሦስተኛ፣ አውራው ከፋሲካ በኋላ ይታያል፤ አፉና እግሩ ሳይታይ ብር አይከፈልም። ቀለሙ ላይ ስላልተስማማን ባዶ ትቼዋለሁ።

እትዬ (ከወንዙ ማዶ)
ገንዘቡ የተዋጣው ግን ለአውራ ነበር። የእኔ ፍየሎች ዘንድሮ ማን ያጠቃቸው?

የቆላ ሠፈር
ሚዛኑ እኛ ጋ ይቀመጥ፤ መንገድ ዳር ነን።

ገንዘብ ያዥ
ለምን እናንተ ጋ?