የውጭ አገር ሙዚቀኞችን ደሴ ላይ ለማስተናገድ ምን ማሟላት አለብን?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
እንደምን ከረማችሁ። እኛ ደሴ የምንገኝ አነስተኛ የባህል ሙዚቃ ቡድን አባላት ነን። ሁለት ሙዚቀኞች ከፈረንሳይ፣ አንድ የኮራ (የምዕራብ አፍሪካ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ) ተጫዋች ደግሞ ከሴኔጋል መጥተው ለሦስት ሳምንት ከማሲንቆና ከዋሽንት ተጫዋቾቻችን ጋር የአምባሰልንና የባቲን ቅኝት እንዲለማመዱ፣ በመጨረሻም አንድ ምሽት ለሕዝብ እንዲያቀርቡ አስበናል። ትኬት እንሸጣለን፤ ለእንግዶቹም መጠነኛ ክፍያ እንሰጣለን። የቱሪስት ቪዛ ይበቃል የሚሉን አሉ፣ አይበቃም የሚሉም አሉ። ከየት እንጀምር?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
አብሽሩ፣ የሚቻል ነገር ነው። ነገር ግን ስለ ቪዛው ከመነጋገራችሁ በፊት ጋባዡ በወረቀት ላይ ማን እንደሆነ ወስኑ። የግብዣ ደብዳቤው፣ ውሉና የግብር ክፍያው የሚፈጸሙት ሕጋዊ ሰውነትና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ባለው አካል ስም ነው። ቡድናችሁ ካልተመዘገበ የከተማውን ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ወይም ወሎ ዩኒቨርሲቲን በጋባዥነት እንዲቆምላችሁ ጠይቁ፤ እሺታውንም በማኅተም ያዙት። በቃል የተሰጠ እሺታ ኃላፊ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ቪዛውን በተመለከተ፣ የቱሪስት ቪዛ ለጉብኝት የሚሰጥ እንጂ ለሥራ የሚያገለግል አይደለም፤ ትኬት የተሸጠበትና ክፍያ ያለበት ዝግጅት ደግሞ ጉብኝት ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የውጭ አገር ዜጋ የሥራ ፈቃድ ሳይኖረው እንዳይሠራ ይደነግጋል። ሆኖም ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ተሰጥቶ በየዓመቱ የሚታደስ በመሆኑ የታሰበው ለመደበኛ ቅጥር እንደሆነ ግልጽ ነው። ስለዚህ ጋባዡ አካል የቆይታውን ጊዜ፣ የዝግጅቱን ቦታና የክፍያውን መጠን ሳይደብቅ ዘርዝሮ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ይጻፍ፤ የትኛው የቪዛ ዓይነት እንደሚስማማም መልሱን በጽሑፍ ይቀበል። ፓስፖርታቸው ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። ሴኔጋል ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች የኮራ ተጫዋቹ የክትባት ካርዱን መያዝ አለበት።

መልስ፣ የሒሳብ ባለሙያ፦
ግብሩን የሚያነሳ ስላላየሁ ልጨምር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በኢትዮጵያ ነዋሪ ያልሆኑ የመድረክ ባለሙያዎች እዚህ ባቀረቡት ሥራ ካገኙት ጠቅላላ ክፍያ ላይ 10 በመቶ እንዲከፈል ይደነግጋል። አዋጁ በኋላ ስለተሻሻለ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የጸናውን መጣኔ ገቢዎች ቢሮ ጠይቁ። ጠቅላላ ሲባል ወጪ አይቀነስለትም ማለት ነው፤ በመሆኑም በውሉ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ከግብር በፊት ይሁን ከግብር በኋላ በግልጽ ይቀመጥ። ይህ ካልተጻፈ በመጨረሻው ቀን ሙዚቀኛው ሙሉውን ይጠብቃል፣ እናንተም ግብሩን ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልን። መሣሪያዎቻቸውስ? ልምምዱንም ብንቀዳውስ?

መልስ፣ ከደሴ፦
መሣሪያዎቹን ከነመለያ ቁጥራቸው በዝርዝር ጽፈው ቦሌ ሲገቡ ለጉምሩክ ያስመዝግቡ፤ ሲወጡ የሚታየው ያው ዝርዝር ነው። ለቀረጻ ድሮን ካመጡ ቀድሞ ፈቃድ ካልወጣለት ቦሌ ይቀራል። እዚህ የገዙትን አዲስ ማሲንቆ ከነደረሰኙ ይያዙ፤ ጥንታዊ መስቀል ወይም ብራና ግን ለመታሰቢያ ብላችሁ እንዳትሰጡ፣ የቅርስ ጉዳይ ነው።

ስለ ቀረጻው፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች (ሥራውን ለሚጫወቱት ባለሙያዎች) መብት ይሰጣል፤ ስለዚህ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከእንግዶቹ ብቻ ሳይሆን ከእኛም ተጫዋቾች ነው። ፓሪስ ወስደው ቢያሳትሙት ለማሲንቆው ተጫዋች ምን እንደሚደርሰው ከወዲሁ ይጻፍ። በእኔ ግምት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

የብዙ አገሮች የጉዞ ማስጠንቀቂያ አማራ ክልልን ስለሚጠቅስ ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ ደሴ ላይ ላይሠራ ይችላል፤ ስምምነቱን ራሳቸው ያንብቡት። እናንተም ለከተማው አስተዳደርና ለፖሊስ የእንግዶቹን ስም፣ ማረፊያና የዝግጅት ሰዓት አስቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ድረስ በአውሮፕላን መጥተው ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎ ዳገት በመኪና ቢወጡ 400 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ የመኪና መንገድ ይገላገላሉ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ትንፋሽ ሊያጥራቸው ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ልምምድ አታብዙባቸው።