የባሕር ውሃ ስቴንለሱን በሦስት ወር በሳብኝ፤ ምን ዓይነት ብረት ልጠቀም?

በያጁ ከማርቆስ፦
ሰላም ለቤቱ። ደብረ ማርቆስ ላይ ብየዳ ቤት አለኝ። በርና መስኮት፣ የታንከር ማቆሚያ፣ አልፎ አልፎም ለሆቴሎች የስቴንለስ ጠረጴዛና የዕቃ ማጠቢያ እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ጅቡቲ ነው ያለው። አሠሪው የባሕር ውሃ አጣርቶ የሚጠጣ የሚያደርግ ትንሽ ማሽን ገዛና ቧንቧውንና ማቆሚያውን «ወንድምህ ይሥራልን» አለው። በየካቲት ሠርቼ ላክሁ። ግንቦት ላይ ወንድሜ ደወለ፤ «ቧንቧው ያነባል» አለኝ።

አንዱን ቁራጭ በጭነት መኪና አስመጥቼ አየሁት። ከውጭ በመርፌ የተወጋ ነው የሚመስለው፣ ዙሪያው ቡናማ። በግራይንደር ለሁለት ስሰነጥቀው ግን ነቀዝ የገባበት ባቄላ ማለት ነው፤ ውስጡ ምስር የሚያስቀምጥ ጉድጓድ አለው። የበሳው ሁሉ ወይ ብየዳው ጠርዝ ላይ ነው ወይ ፍላንጁ (ቧንቧዎቹ በብሎን የሚጋጠሙበት ቀለበት) ላይ ጋስኬቱ፣ ማሸጊያው ማለት ነው፣ ሥር። ሌላው ቦታ እንዳለ ያብረቀርቃል። ሻጩ 316 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ ማግኔትም አስጠግቼ አልያዘውም። ስሜ ነው የሚነሳው፣ ደግሜ ልሠራው ነው። ወፍራም ላድርገው? ወይስ ብረቱን ልቀይር?

ጁቤይል የነበርኩ፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ማሽኑን አስቁመው። ዛሬውኑ ደውልለት። የባሕር ውሃ በማጣሪያው ሜምብሬን እንዲያልፍ ከ55 እስከ 70 ባር በሚሆን ግፊት ነው የሚገፋው። የቤት ቧንቧ ላይ የምናውቀው ጥቂት ባር ነው። በዚያ ግፊት የሚሠራ የተበሳ ቧንቧ አጠገብ ሰው መቆም የለበትም።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ማወፈር አያድንህም፣ ቀዳዳውን ጥቂት ወር ያዘገየዋል እንጂ። ሳዑዲ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ጥገና ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ክፍል ስንት ባር ይሸከማል?» ነው። ግፊቱ ትንሽ ከሆነ ብረት ራሱ ለምን አስፈለገ? ከባሕሩ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር ፒቪሲ ወይም ኤችዲፒኢ ይሁን፣ ትልልቆቹ ጣቢያዎች ደግሞ ፋይበርግላስ ይጠቀማሉ። ፕላስቲክ ጨው አያውቀውም። እናቴ ቢቸና ጨውዋን በቅል ነበር የምታስቀምጠው፤ አንድ ጊዜ የወተት ጣሳ ውስጥ አድርጋው በክረምቱ ጣሳው ሥሩ ተበልቶ ጨው መደቡ ላይ ፈሶ አግኝተነዋል። ያው ነገር ነው።

ከከፍተኛ ግፊት ፓምፑ እስከ ማጣሪያው፣ ከማጣሪያውም የሚወጣው ጨዋማ ውሃ እስከ ቫልቩ ድረስ ግን ብረት ያስፈልጋል። ለእሱ ሱፐር ዱፕሌክስ የሚባለው፣ ጨውን የሚቋቋም የስቴንለስ ዓይነት ነው። ውድ ነው፣ ግን የሚፈለገው ጥቂት ሜትር ነው። ገንዘቡን እዚያ አውጣው፣ ሌላውን በፕላስቲክ ቆጥብ።

ማቴሪያል አስተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
ያየኸው ነገር በመጽሐፉ እንዳለ ነው። ስቴንለስ የማይዝገው ክሮሙ ከኦክስጅን ጋር ሆኖ ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ቆዳ ስለሚሠራለት ነው። ቆዳው ሲላጥ ራሱን ያድሳል። የባሕር ውሃ ግን በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ ከዚያ ውስጥ 19 ግራም ያህሉ ክሎራይድ ነው፤ ቆዳውን የሚበሳው ይኸው ክሎራይድ ነው። ጋስኬት ሥር ያለው ውሃ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ቆዳው መታደስ ያቅተዋል፣ ውስጡ እያደር አሲድ ይሆናል፣ ክሎራይዱም ይከማቻል። ለዚህ ነው ሜዳው ላይ እያብረቀረቀ ስርጉጡ ውስጥ የተበላው። እንደ ጅቡቲ ያለ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል።

ብረቶቹ ክሎራይድን ምን ያህል እንደሚቋቋሙ የምናወዳድርበት ቀላል ቀመር አለ፦ የክሮም መቶኛ፣ ሲደመር ሞሊብዲነም በ3.3 ተባዝቶ፣ ሲደመር ናይትሮጅን በ16 ተባዝቶ። 304 የሚባለው ተራ ስቴንለስ ወደ 19 ይመጣል። 316 ወደ 24። 2205 የሚባለው ዱፕሌክስ ወደ 35። 2507፣ ማለትም ሱፐር ዱፕሌክስ፣ ከ40 በላይ። ለባሕር ውሃ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ከ40 በላይ ነው። 316 ገና መንገዱ ግማሽ ላይ ነው።

ማግኔቱን በተመለከተ፣ እባክህ ለዚህ ሥራ አትመነው። 304ንም 316ንም አይዝም፣ ስለዚህ አይለይልህም። ዱፕሌክስን ግን ይይዛል፣ ግማሽ ያህሉ ፌራይት የሚባለው፣ ማግኔት የሚይዘው የብረት ዓይነት ስለሆነ። በማግኔት የመረጠ ሰው ጥሩውን ብረት «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። የፋብሪካውን የምርመራ ወረቀት ጠይቅ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርም ቧንቧው ላይ ከታተመው ጋር ይመሳሰል።

ቧንቧ ሠራተኛ፣ ፍኖተ ሰላም፦
እኔ ብሆን ያለውን ቧንቧ ኢፖክሲ ቀለም ውስጡን ቀብቼ፣ መገጣጠሚያዎቹን በናስ እቀይራለሁ። ናስ አይዝግም። ብሎኖቹም ጋልቫናይዝድ ቢሆኑ ይረክሳሉ።

ማቴሪያል አስተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
ወንድም ዓለም፣ ለእኛ አገር ውሃ ልክ ነህ፣ ናስ ዕድሜ ይሰጣል። የባሕር ውሃ ግን ከተራ ናስ ዚንኩን እየመጠጠ ያወጣዋል። መልኩ ይቀላል፣ ቅርጹ እንዳለ ይቀመጣል፣ ሲነካ ግን እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ለዚህ ነው ለባሕር ውሃ ፓምፕ የኒኬልና አሉሚኒየም ነሐስ፣ ለሙቀት መለዋወጫ ቱቦ ደግሞ 90 በ10 የሆነ መዳብና ኒኬል ወይም ታይታኒየም የሚመረጠው። ቀለሙም አንድ ቦታ ከተላጠ ጠርዙ ራሱ ስርጉጥ ይሆናል። ጋልቫናይዝድ ብሎን ከሰፊ ስቴንለስ ጋር ጨዋማ ውሃ ውስጥ ካገናኘህ ደግሞ ብሎኑ ነው ተበልቶ የሚያልቀው። ትንሹ ደካማ ብረት ለትልቁ ጠንካራ ይሠዋል።

በያጁ ከማርቆስ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ማሽኑ ቆሟል፣ ትናንት ማታ ደወልኩለት። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ሱፐር ዱፕሌክሱን ባገኝ እኔ በአርጎን ልበይደው እችላለሁ? አርጎን እበይዳለሁ። ማቆሚያውስ?

ጁቤይል የነበርኩ፦
እጅህን አልጠራጠርም፣ ግን የመጀመሪያ ልምምድህ 60 ባር ላይ አይሁን። ሱፐር ዱፕሌክስ ሙቀት ሲበዛበት ውስጡ ይበላሻል፣ በአንዱ የብየዳ ድርብና በሚቀጥለው መካከል ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ይጠበቃል፣ የራሱ ሽቦ አለው፣ ቧንቧው ውስጥም አርጎን መሞላት አለበት። በልክ ተቆርጦና ተበይዶ፣ በግፊትም ተፈትኖ እንዲመጣ እዘዝ፣ አንተ ግጠመው።

ማቆሚያው ውሃ ውስጥ ስለማይነከር 316 ይበቃዋል፤ በየሳምንቱ ጨው በሌለው ውሃ ይታጠብ። ብየዳው ጠርዝ ላይ የሚቀረውን ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ግን አትተወው። ከሥሩ ክሮሙ ሳስቷል፣ ያንተም ቧንቧ ከዚያ ነው የጀመረው። በማጽጃ ፔስት አንሳው፣ ፔስቱ ግን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ስላለው ያለ ጓንትና ያለ መነጽር እንዳትነካው። ደግሞ ተራ ብረት የፈጨህበትን ዲስክና የብረት ብሩሽ ስቴንለስ ላይ አታሳርፍ፣ ብናኙ እዚያው ይዝጋል።

ለወንድምህ ደግሞ ይህን ንገረው፦ ማሽኑን ሲያቆም የተጣራውን ውሃ መልሶ በመስመሩ ያሳልፍበት። የባሕር ውሃ ቧንቧ ውስጥ ተኝቶ አይደር።

በያጁ ከማርቆስ፦
ገባኝ ጋሼ። ዝቅተኛው ግፊት ኤችዲፒኢ ሆኗል፣ ለአሠሪው ተነግሮት እሺ ብሏል። ለሱፐር ዱፕሌክሱ ወንድሜ የቧንቧውን የውጭ ስፋትና የፍላንጁን ቀዳዳዎች በካሊፐር ለክቶ ነገ ይልክልኛል። ሳላዝዝ በፊት ልኩን እዚሁ አስቀምጠዋለሁ፣ እባካችሁ እዩልኝ።