ጉግል ላይ ከገጼ ርዕስ ስር የማስታወቂያዬ ጽሑፍ ይወጣል፤ ክሊክ ቀነሰብኝ

ፔዳል_ዙር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የብስክሌት ጥገና የማስተምርበት ድረ ገጽ አለኝ። በቅርቡ በየጽሑፉ አናት፣ ከርዕሱ ዝቅ ብዬ፣ የአንድ መሣሪያ ሻጭ ማስታወቂያ ራሴ በኤችቲኤምኤል (በድረ ገጽ መሥሪያው ኮድ) ጽፌ አስገባሁ። አሁን «የወለቀ ካቴና እንዴት ይመለሳል» ብዬ ስፈልግ ከርዕሴ ስር ያለው ቅንጭብ «ሙሉ የመፍቻ ስብስብ በቅናሽ፣ ዛሬውኑ ይዘዙ» ይላል። ስለ ካቴናው አንድም ቃል የለም። ሰርች ኮንሶል (ገጽ በጉግል ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳየው የጉግል መሣሪያ) ላይ በውጤቶቹ መካከል ያለኝ አማካይ ቦታ ንቅንቅ አላለም፣ ገጹ የሚታይበት ቁጥርም ያው ነው፤ ክሊኩ ግን በግማሽ ወርዷል። ሜታ ዲስክሪፕሽን (በገጹ ኮድ ውስጥ የሚገባውን አጭር መግለጫ) ጽፌያለሁ፤ ለምን አይወስደውም? ያንን ጽሑፍ የጻፍኩት መንገድ ላይ ካቴና ለወለቀበት ሰው ነው። ሱቅ መስዬው ሲያልፈኝ ያንገበግበኛል።

ክር_ፈቺ፦
ወንድሜ፣ እኔም በጊታር ትምህርት ገጼ ላይ ይኸው ደርሶብኛል። ሜታ ዲስክሪፕሽን ለጉግል ሐሳብ ማቅረቢያ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ቅንጭቡን በአብዛኛው የሚያዘጋጀው ከገጹ ጽሑፍ ነው፤ እንደ ጥያቄውም ይለዋውጠዋል። ያንተ ማስታወቂያ ደግሞ በእጅህ የጻፍከው ስለሆነ ከትምህርቱ የሚለየው ምልክት የለውም፣ እንደማንኛውም አንቀጽ ይነበባል።

መፍትሔው ማስታወቂያውን የያዘው ዲቭ (የገጹን አንድ ክፍል የሚያቅፈው የኮድ ሳጥን) ላይ «ዳታ-ኖስኒፔት» (data-nosnippet) የሚለውን መለያ መጨመር ነው፤ ጉግል ያንን ክፍል በቅንጭቡ እንዳያወጣ ይነግረዋል። ጉግል ከ2019 ጀምሮ ይቀበለዋል፤ ስፓን እና ሴክሽን በሚባሉት የኮድ ክፍሎች ላይም ይሠራል። ዲቩን በትክክል መዝጋትህን እይ። አደራ፣ ለሙሉ ገጽ የሚሆነውን «ኖስኒፔት» እንዳታስገባ! እሱ ቅንጭቡን ጨርሶ ያጠፋብሃል፣ ርዕስህ ራቁቱን ይቀራል። ሻጩ ከፍሎህ ከሆነ ደግሞ ሊንኩ ላይ «ስፖንሰርድ» የሚለውን ምልክት አድርግበት።

ስትጨርስ በሰርች ኮንሶል የዩአርኤል መፈተሻ ገጹ እንደገና እንዲነበብ ጠይቅ። እስኪነበብ ድረስ አሮጌው ቅንጭብ ይቆያል፣ አትደንግጥ።

የድሮ_ዌብማስተር፦
ክር_ፈቺ ያለው ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ማስታወቂያውን ከአናት አውርደው ነው። ጉግል በኅዳር 2010 ከውጤቱ ጎን የገጹን ፎቶ የሚያሳይ ቅድመ እይታ አምጥቶ ነበር፣ በ2013 አነሳው። ያኔ አናቱን በባነር የሞላ ገጽ ገና ሳይከፈት ይታይ ነበር፤ እኔ ራሴ እንደዚያ ያሉትን እያየሁ ስንቱን አልፌያለሁ። በጃንዋሪ 2012 ደግሞ አናታቸውን በማስታወቂያ ያጨናነቁ ገጾችን ዝቅ የሚያደርግ ለውጥ መጣ። ፎቶው ዛሬ የለም፣ የአንባቢው ትዕግሥት ግን አልረዘመም። ቅንጭቡን ብታስተካክል እንኳ ከፍቶ መጀመሪያ የሚያገኘው መፍቻ ከሆነ ወዲያው ይመለሳል። ከርዕሱ ቀጥሎ መልሱን ስጠው፣ ሻጩ ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ይምጣ።

ፔዳል_ዙር፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መለያውን ጨመርኩ፣ ማስታወቂያውንም ከሁለተኛው ሥዕል በታች አወረድኩት። ዛሬ ጠዋት ስፈልግ ቅንጭቡ «የኋላውን የማርሽ ክንድ ወደ ፊት ገፋ አድርጉ፤ ካቴናው ሲላላ ከፊተኛው ጥርስ ስር አስይዙት» ይላል። ክሊኩን ገና እየተከታተልኩ ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ሳላይ ለውጥ አለ ማለት አልፈልግም። ሻጩ ግን ማስታወቂያው ለምን ወረደ ብሎ ጠይቆኛል። እናንተ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምን ብላችሁ ታስረዳላችሁ?

ክር_ፈቺ፦
የሰርች ኮንሶሉን ግራፍ አሳየው። ገጹን ያልከፈተ ሰው ማስታወቂያውንም አይጫነውም።