ጣና ዳር ባለ ቤት አይጦችን በወጥመድ፣ በመርዝና ቀዳዳ በመድፈን ስለ መከላከል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ላዩ በሲሚንቶ በተለሰነ፣ የቆርቆሮ ክዳንና የቺፑድ ኮርኒስ ባለው ቤት ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት የማንጎ ዛፎች ያሉ ሲሆን፣ ከአጥራችን በስተጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ዓሣ የሚያጸዱ ሰዎች አንጀቱንና ጭንቅላቱን የሚጥሉበት ሆኗል። ከሚያዝያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት በኮርኒሱ ላይ የሚሯሯጠው አይጥ እንቅልፍ ነሥቶናል፤ ጓዳ ያስቀመጥነው የጤፍ ጆንያም ሁለት ቦታ ተበስቶ አገኘነው።

መንገድ ላይ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ፣ ጽሑፍ የሌለው ጥቁር ግራጫ ዱቄት ገዝቼ ከሊጥ ጋር ለውሼ አስቀምጬ ነበር። በማግሥቱ ሁለት ሞተው አገኘሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚነካው ጠፋ፣ ሩጫውም አልቆመም። አንድ ጎረቤታችን ለነቀዝ የሚሆነውን ክኒን ኮርኒሱ ውስጥ እንዳስቀምጥ መከሩኝ። ገና በእግሯ መሄድ የጀመረች ልጅና አንዲት ድመት ስላሉኝ ፈራሁ። ከዚህ የበረታ መርዝ ልፈልግ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፣ ከአካባቢ ጤና ባለሙያ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ እባክዎ ያንን የነቀዝ ክኒን ወደ ቤትዎ አያስገቡት። ክኒኑ አልሙኒየም ፎስፋይድ ሲሆን፣ በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ከአየር ጥቂት የሚከብድ በመሆኑ ከኮርኒሱ በቺፑዱ ስንጥቅ አልፎ ወደ መኝታ ክፍል ይወርዳል። ሰው በሚኖርበት ቤት ፈጽሞ ሊቀመጥ የማይገባው፣ ማርከሻም የሌለው መርዝ ነው፤ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ነገሩን ማሰቡም ይዘገንናል።

የገዙት ጥቁር ግራጫ ዱቄት ዚንክ ፎስፋይድ ሳይሆን አይቀርም። እርሱም የአይጡ ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ሁለት ሞተው ሌሎቹ እምቢ ያሉበት ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው፤ መርዙ ቶሎ የሚሠራ በመሆኑ ጥቂት ቀምሶ የታመመና የተረፈ አይጥ ሕመሙን ከምግቡ ጋር ያያይዘዋል፣ ዳግመኛም አይነካውም። ስለዚህ የበረታ መርዝ መፈለግ መፍትሔ አይሆንም። የቀረውን ሊጥ በጓንት ሰብስበው ከልጅዎ እጅ ያርቁት።

መርዝ የግድ ከሆነ፣ አጠቃቀሙና የተሠራበት ንጥረ ነገር በማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን፣ እንደ ብሮማዲዮሎን ያለ የደም መርጋትን የሚከለክል ዓይነት ይምረጡ። አይጡ ከበላ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚሞት በመሆኑ ሕመሙን ከምግቡ ጋር አያገናኘውም፤ ለሰውም ሐኪም የሚሰጠው ቫይታሚን ኬ1 የተባለ ማርከሻ አለው። ሆኖም በሚቆለፍና አይጥ ብቻ በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ፣ ከውጭ በኩል በአጥር ሥር ብቻ ይቀመጥ። ኮርኒስ ውስጥ ከተቀመጠ አይጡ እዚያው ሞቶ በባሕር ዳር ሙቀት የሚያመጣውን ሽታ ለሳምንታት መሸከም ይሆናል። ልጅ መርዝ ነክታ ወይም ቀምሳ ከተገኘች ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ፣ ማሸጊያውን ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

መልስ፣ ከግንበኛ

እህቴ፣ ባለሙያው ስለ መርዙ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ ግን ዋናው ጉዳይ ቀዳዳው ነው ብዬ አምናለሁ። የገደሉት አይጥ ቦታውን ለቅቆ ይሄዳል እንጂ ቀዳዳው እዚያው ነው፤ አጥር ሥር የዓሣ አንጀት እስካለ ድረስም ሌላ ይመጣል። ትንሿ የቤት አይጥ በ6 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ፣ ማለትም እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ታልፋለች፤ አይጠ መጎጥ ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃዋል።

እንደርስዎ ባሉ ቤቶች በብዛት የማገኘው መግቢያ፣ ሰዎች ከመሬት ሲፈልጉት እላይ ያለው ነው። የቆርቆሮው እጥፋት ግድግዳው ራስ ላይ ሲያርፍ በየእጥፋቱ ሥር ቡጢ የሚያክል ክፍተት ይተዋል፤ አይጠ መጎጡ በማንጎው ቅርንጫፍ ወጥቶ ወደ ክዳኑ ይዘልና በዚያ ክፍተት ኮርኒሱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቅርንጫፎቹ ከክዳኑ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል እንዲርቁ ይቆረጡ። ክፍተቶቹን ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የብረት ወንፊት ዘግተው ዳሩን በሲሚንቶ ያስይዙ። በላስቲክ፣ በጨርቅ ወይም በጭቃ ብቻ መድፈን ድካም ነው፤ የአይጥ ጥርስ ዕድሜ ልኩን የሚያድግ በመሆኑ ሳያኝክ አይውልም። የውኃና የመብራት መስመር ግድግዳውን የሚያልፍበትን ቀዳዳ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቀው በላዩ ሲሚንቶ ይምረጉበት። የበሩ ሥር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ላሜራ ያስመቱ፤ የፍሳሽ ጉድጓዱም የብረት ወንፊት ክዳን ይኑረው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሁሉንም ቀዳዳ በአንድ ቀን ከደፈኑ ውስጥ የቀሩት ታፍነው ይሞታሉ፣ አለዚያም መውጫ ፍለጋ ቺፑዱን ይበሱታል። በመጀመሪያ በየቀዳዳው ወረቀት ጨብጠው ይወትፉ፤ በማግሥቱ የተገፋው የሚመላለሱበት ነው። ሌሎቹን ደፍነው ያንን አንዱን ይተዉትና ከአጠገቡ ወጥመድ ያስቀምጡ። ለተከታታይ ቀናት ወረቀቱ ሳይነካ ሲያድር በሲሚንቶ ይዝጉት። ይህንንም የሐምሌ ዝናብ ሳይመጣ ቢጨርሱት ይሻላል፤ መሬቱ ሲረጥብና ጉድጓዳቸው ውኃ ሲሞላ ደረቅ ቤት ፍለጋ ይበረታሉ።

መልስ፣ ከአንዲት እናት

ልጄ፣ እኔ መርዙን በሣጥንም ቢሆን አልወደውም። በእኛ ግቢ ከዓመታት በፊት የተመረዘ አይጥ የበላች ድመታችን ሦስት ቀን ተሠቃይታ ሞተችብን፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ጉጉትም እንዲሁ ይጎዳል፤ እርሱ ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚያድንልን ወፍ ነው።

እኔ የምጠቀመው ባለ ሞላውን የእንጨት ወጥመድ ነው። አይጥ መካከል ሜዳ ላይ አይሄድም፤ ጎኑን ግድግዳ እያስነካ ስለሚሄድ፣ ወጥመዱን ምግቡ የተቀባበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርገሽ አግድም አስቀምጪው። መንገዱን ለማወቅ ማታ አመድ በስሱ ነስንሺና ጠዋት ዱካውን ተመልከቺ። አንድ ወጥመድ ብቻ አይበቃም፤ ለትንሿ አይጥ በየሁለት ሜትሩ አንድ አድርጊ። አይጠ መጎጥ ግን አዲስ ነገር ይፈራል፤ ስለዚህ ወጥመዱን ሦስት አራት ሌሊት ሳትወጥሪ ምግብ ብቻ አድርጊበት፣ ሲለምደው ወጥሪው። የለውዝ ቅቤ በጣም ይወዳል፤ ደረቅ ዓሣ ከሆነ ደግሞ መንትፎ እንዳይሄድ በክር እሰሪው። ልጅሽ እንዳትነካው ጣቷ በማይደርስበት፣ በተገለበጠ ሣጥን ሥር ሁለት በር ከፍተሽ አኑሪው። የሚያጣብቀውን ወረቀት አትግዢ፤ ፍጥረቱ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ መስማት ይከብዳል።

ጤፉንም ከጆንያ አውጥተሽ ክዳኑ በሚገጥም በርሜል አድርጊው። የረገፈውን ማንጎ ማታ ሳይመሽ ልቀሚ።

የጠያቂዋ ምላሽ፣ ከአንድ ወር በኋላ

እማማ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክኒኑን ተውኩት፣ የቀረውንም ሊጥ ሰብስቤ አራቅሁ። ቅርንጫፎቹን አስቆረጥን፣ የክዳኑን ሥር በወንፊት አስዘጋን፤ በጓዳው ጥግ ባለ አንድ ቀዳዳ አጠገብ በወጥመድ በ9 ቀን ውስጥ አራት አይጠ መጎጥና ሦስት ትናንሽ አይጦች ያዝን። ወረቀቱ ሳይነካ አሥር ሌሊት ስላደረ ትናንት ያንን ቀዳዳ ደፈንነው። ከዓሣ አጽጂዎቹም ጋር ተነጋግረን ቆሻሻውን ክዳን ባለው በርሜል ማጠራቀም ጀምረዋል። አሁን የቀረኝ ኮርኒሱ ላይ የተከማቸው ኩስና ሽንት ነው፤ ጠርጌ ላውጣው?

መልስ፣ ከአካባቢ ጤና ባለሙያ

በደረቁ አይጥረጉት፤ ከአቧራው ጋር በሽታ ሊተነፍሱ ይችላሉ። መስኮቱን ከፍተው ክፍሉን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያናፍሱ፤ ጓንትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ አቅጥነው በኩሱ ላይ ያርከፍክፉና 5 ደቂቃ ይቆዩ፤ ከመብራት ሽቦ አጠገብ ከመሥራትዎ በፊት ቆጣሪውን ያጥፉ። ከዚያ በአሮጌ ጨርቅ አንሥተው በሁለት ላስቲክ ይቋጥሩት። የሞተ አይጥ ሲያገኙም እንዲሁ አድርገው ከውኃ ርቆ በጥልቁ ይቅበሩ፤ ወደ ሐይቁ አይጣል። ኮርኒሱ ላይ ሳሉ የመብራት ሽቦዎቹን ልባስ አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ የተላጠ ካለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳይለውጠው መብራቱን አያብሩ።