የዋንዛ ጣውላ ወደ ጀርመን መላክ፦ እንጨቱ ከየት? ወረቀቱስ?

ጠያቂ፣ ከዓባይ ማዶ
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ አነስ ያለች የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ጀርመን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ምግብ ቤት ሊከፍት ነው። ለጠረጴዛ የሚሆን 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው የዋንዛ ጣውላ ላክልኝ አለኝ። ደን ተጨፍጭፎ የመጣ እንዳልሆነ የሚያሳይ ወረቀትም ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ የሚሸጠውን ጣውላ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ነጋዴውም አያውቅም። ሕጋዊ ዋንዛ ከየት ላግኝ? እንዴት ላድርቀው? ለመላክስ ምን ወረቀት ያስፈልጋል? ዘጌ ሂድ፣ እዚያ ትልልቅ ዋንዛ አለ የሚሉኝ አሉ።

የደን ባለሙያ
ወንድሜ፣ ዘጌን እርሳው። እነ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ዙሪያ ያ ሁሉ ዛፍ የቆመው ሰዉ መጥረቢያ ስላላስነካው ነው። ሥሩ ቡና አለ፤ ጥላው ከሄደ ቡናውም ይሄዳል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የ1986ቱ የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግልና የማኅበረሰብ ደንንም ያውቃል። ስለዚህ የሚያዋጣህ ገበሬው ማሳው ውስጥ ያሳደገው ዋንዛ ነው። ከገበሬው ጋር ወረዳው ግብርና ሂዱ፣ የመቁረጫ ፈቃድ አውጡ፣ ለጉዞው ደግሞ መሸኛ ያዙ። መሸኛ የሌለው ጣውላ ኬላ ላይ ይወረሳል። ለሚቆረጠው ዛፍ ምትክ ችግኝ መትከልን ውላችሁ ውስጥ አስገቡት።

የድሮ አናጺ
ሁሉም ስለ ወረቀት ያወራል። እኔን የሚያሳስበኝ እርጥበቱ ነው።

5 ሳንቲ ጣውላ ቀልድ አይደለም። በአየር ብቻ ሲደርቅ በግምት ለ2.5 ሳንቲ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ለአንተ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ግንዱ በመጋዝ ጣውላ ሆኖ እንደተሰነጠቀ ጫፍና ጫፉን ዘይት ቀለም ቀባው፤ ውኃው በጫፍ ቶሎ ስለሚወጣ የሚሰነጠቀው ከዚያ ነው። ከመሬት ከፍ አድርገህ ደርድር። በየረድፉ መሐል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን ሞራሌዎች አስገባ፤ ሞራሌዎቹ ከላይ እስከ ታች አንዱ በአንዱ ትክክል ይዋሉ፤ አለበለዚያ ጣውላው ይቆለመማል። ከላይ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ። ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ነፋስ ይግባበት። ላስቲክ ጠቅልለው ክረምቱን የሚያሳልፉ አሉ፤ በመስከረም ሲፈቱት ሻጋታ ነው።

ነጩን ዳር አስወግደው። ነቀዝ የሚጀምረው እዚያ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። በእኛ አየር የደረቀ እንጨት ከ12 እስከ 15 በመቶ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። ጀርመን ክረምቱን ቤት ውስጥ ማሞቂያ ይነዳል፤ እዚያ ከ8 እስከ 10 በመቶ መድረስ አለበት። ያለ ማድረቂያ ክፍል አይሆንም። መለኪያ ከሌለህ ከመሐሉ ትንሽ ቁራጭ አውጥተህ መዝነው፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ምድጃ ውስጥ በ103 ዲግሪ አድርቀው፤ እንደገና መዝነው። ልዩነቱን ለደረቁ ክብደት አካፍል። 130 ግራም የነበረው 100 ከሆነ እርጥበቱ 30 በመቶ ነበር ማለት ነው።

የላኪዎች ድርጅት ሠራተኛ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ከወረቀቱ በኩል ልጨምር። ለአውሮፓ ኅብረት ገበያ ከ2020 መጨረሻ (በፈረንጆች) ወዲህ ከተጨፈጨፈ ደን የመጣ እንጨት አይገባም የሚል ደንብ በ2023 ወጥቷል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተገፍቷል፤ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ግን አይጎዳም። የእንጨት ጠረጴዛም ውስጡ አለበት። ማስረጃውን የሚያቀርበው ገዢው ነው፤ መረጃውን የምትሰጠው አንተ ነህ። ዛፉ የበቀለበት ቦታ በጂፒኤስ መመዝገብ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል። የገበሬ ማሳ ላይ ይሄ በስልክ ያልቃል። ዛፉ ሳይቆረጥ ፎቶውን አንሳ፣ ፈቃዱን ስካን አድርግ፣ ጣውላውን ቁጥር ጻፍበት።

ጥሬ ጣውላ ከመላክ ጠረጴዛውን ሠርተህ፣ እግሩን ፈትተህ ላክ። ትርፉ አንተ ጋ ይቀራል። ለእጽዋት ጤና የምስክር ወረቀት የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን ጠይቅ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ደላላ የደረቀ ዋንዛ በግማሽ ዋጋ አለኝ ብሎ ደውሎ ነበር። መሸኛ ስለው «እሱን ተወው» አለኝ።

የደን ባለሙያ
ደላላውን ተወው።

ባለ ችግኝ ጣቢያ
ለምንድን ነው ዋንዛ ብቻ? ዋንዛ ለስላሳ ነው፤ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሳህን ሲጎተት ይጫጫራል። ግራቪሊያ አየው? ገበሬው በየአጥሩ ተክሎታል፤ ቶሎ ያድጋል፤ ሲላግ መልኩ ያምራል። ሁለቱንም ናሙና ላክለትና ይምረጥ።

ጠያቂ
ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እህቴ። ናሙናውን እልካለሁ። በቀረው ጊዜ ማድረቂያ ያለው ሰው እፈልጋለሁ፤ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ማሸጊያ ሳጥኑስ ከእንጨት ቢሆን ችግር አለው?

የላኪዎች ድርጅት ሠራተኛ
ተራ ጣውላ ከሆነ መሐሉ ድረስ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ተሞቆ ማኅተም ሊመታበት ይገባል። ያለ ማኅተም ወደቡ ላይ ይያዛል። ሙሉ በሙሉ ከኮምፐርሳቶ ከሠራኸው ግን ማኅተሙ አይጠየቅም።